የሱቅ ታፔላም ቅርስ ነው፦ የትምህርት ቤታችን የቅርስና ፎቶ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ጅማ ውስጥ ቅርስ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። እኛም እዚያ ሄደናል፤ ገናም እንሄዳለን። ዘንድሮ ግን ትኩረታችን በየቀኑ አጠገቡ እያለፍን የማናየው ነገር ላይ ነበር፤ የከተማችን የድሮ ሱቆች ታፔላ ላይ። «ይሄ ደግሞ ምን ቅርስ ነው?» ያሉን ብዙ ናቸው። ባልደረቦቼም ነበሩበት። ስለዚህ ላስረዳ።

ነገሩ የተጀመረው አይሲቲ ክፍል ውስጥ ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ላስ ቬጋስ ስላለው የኒዮን ሙዚየም ቪዲዮ አየን። ሙዚየሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከሆቴልና ከቁማር ቤት የወረዱ ታፔላዎች ሜዳ ላይ ተደርድረዋል። አብዛኞቹ አልታደሱም፤ ቀለማቸው እንደተላጠ፣ ዝገታቸው እንዳለ ይጎበኛሉ። የፊዚክስ መምህራችን የኒዮን ታፔላ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚበራ አስረዱን። የመስታወት ቱቦው በእሳት እየጋለ በእጅ ይታጠፋል። አየሩ ወጥቶ ጥቂት ጋዝ ይገባበታል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያገኝ ይበራል። ኒዮን ራሱ የሚሰጠው ቀይ ብርቱካናማ ብርሃን ነው፤ ሰማያዊው የሚገኘው ከአርጎንና ከሜርኩሪ ነው።

ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው ግን የሙዚየሙ መግቢያ ቤት ነው። ጥቁር አሜሪካዊው አርክቴክት ፖል ሪቭር ዊሊያምስ የነደፈው፣ የላ ኮንቻ ሞቴል እንግዳ መቀበያ ነበር። ሊፈርስ ሲል 8 ቦታ ተቆርጦ እ.ኤ.አ. በ2006 ተጓጓዘና እንደገና ተገጣጠመ። አንድ ልጅ እጁን አወጣና «የእኛዎቹስ የት ነው የሚሄዱት?» አለ። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቁራሌው ይወስዳቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሂርማታ መርካቶ ጀምረን በእግራችን ዞርን። የእኛዎቹ ታፔላዎች መብራት የላቸውም፤ ላሜራ ላይ በብሩሽ የተጻፉ ናቸው። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ደረስን። በሩ ላይ አዲስ ባነር ተሰቅሏል። አሮጌውን ታፔላ ስንጠይቅ ባለቤቱ ሽማግሌ ጓሮ ወሰዱን። የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል።

ስብሰባ ላይ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ ብላ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገች። «ቲቸር፣ መስመሩ አለ!» አለች። ጸሐፊው ፊደሎቹ እንዳይጣመሙበት ያሰመረው የእርሳስ መስመር በሳሳው ቀለም ሥር ይታያል። የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ለምን እንደተጣበቡም ለጓደኞቿ አስረዳች፤ ቦታ አልቆበት ነው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ «አባባ፣ ማን ነው የጻፈልዎት?» አለቻቸው።

ሰውዬውን ያስታውሱታል። መሰላል ስላልነበረው ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቦ ይጽፍ እንደነበር፣ ክፍያውን በሱሪ ስፌት እንደተቀበለ ነገሩን። ይህን ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ተማሪ ከልቡ ሲጠይቅ ማየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ያየሁት እሱን ነው።

«ለዶሮዎቼ ቆርቆሮ ካመጣችሁ ውሰዱት» አሉን። መምህራን አዋጥተን ገዛን። ታፔላው አሁን የእኛ ነው።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን ዓርብ ዓርብ ተካሂደዋል፤ በፈተና ሰሞን ተቋርጠዋል። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በኋላ የአባላት ቁጥር ቀንሷል። ያሰብነው የፎቶ ዐውደ ርእይም ለማሳተሚያ ገንዘብ በማጣት ቀርቷል። ፎቶ ክበብ ነን፤ ካሜራ ግን የለንም። ተማሪ ሞባይል ስለማያስገባ ሁሉም ፎቶ የተነሳው በእኔ ስልክ ነው። ለእግር ኳስ ቡድናችን ማሊያ በመገዛቱ ከልብ ደስ ብሎናል። ለእኛም አንድ ካሜራ ቢታሰብ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው መጠለያ ነው። የሰበሰብናቸው ታፔላዎች ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ጀርባ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ የጅማን ክረምት ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጓሮው አጥር በኩል ጥቂት ቋሚ እንጨትና ቆርቆሮ ቢገኝ ጉልበቱን እኛ እንችላለን። እንጨት፣ ሚስማር ወይም የአናጢ ሙያ ያላችሁ ወላጆች፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ታገኙናላችሁ። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ አሮጌ ታፔላችሁን ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ላኩብን።