የሐዋርያውን መንገድ ለምን በባሕር ጭምር እንሄዳለን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? የቱርክ ጉዟችንን ዝርዝር ከላክንላችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። ከሁሉም በላይ የተደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የጥንት ክርስቲያኖች ቦታ ጉብኝት ነው ካላችሁ ጀልባው ምን ሊሠራ ገባ? መንፈሳዊ ጉዞ ነው ወይስ ሽርሽር?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በተለይ እናትና አባታችሁን ለመላክ ያሰባችሁ ሰዎች በደንብ ማወቅ አለባችሁ። ስለዚህ ሁላችሁም በአንድ ላይ እንድታነቡት ጻፍነው።

ባሕሩን ያስገባነው ቅዱስ ጳውሎስ በዚያ ዳርቻ ያለፈው በመርከብ ስለሆነ ነው። የምናያቸው ከተሞች አብዛኞቹ ወደቦች ነበሩ። በአውቶቡስ ብቻ የዞራቸው ሰው ድንጋዩን ያያል፤ ከተማዋ ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች ግን አይገባውም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አውጡና ተመልከቱ። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም እየተወሰደ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ስለገጠማቸው ቆጵሮስን ተገን አድርገው ያልፋሉ። ከዚያ በሉቅያ (በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ) ወዳለችው ወደ ሙራ ይደርሳሉ። መቶ አለቃው እዚያ ወደ ኢጣልያ የሚሄድ የእስክንድርያ መርከብ ያገኝና ያሳፍራቸዋል። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ የቦታ ስም ብቻ ይሆንብንና እናልፈዋለን።

ግን የእስክንድርያ መርከብ እዚያ ምን ይሠራል? ወደ ሮም የሚሄድ ከሆነ ወደ ሰሜን ምን ወሰደው? መልሱ ነፋሱ ነው። በሞቃቱ ወራት በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ነፋሱ በብዛት የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ነው። ከግብጽ ስንዴ የጫነ ባለ ሸራ መርከብ በዚያ ነፋስ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ሮም መሄድ አይችልም። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ወጥቶ የሉቅያን ዳርቻ ይይዛል። ከዚያ ዳር ዳሩን እየታከከ ወደ ምዕራብ ያዘግማል። ሙራ የእነዚያ የስንዴ መርከቦች ማረፊያ ነበረች። በወደቧ በአንድሪያኬ፣ በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን የተሠራው ትልቅ የእህል ጎተራ ዛሬም ቆሟል። አሁን የሉቅያ ሥልጣኔ ሙዚየም ነው። ከሰዓት በኋላ በጀልባዋ ላይ ተቀምጣችሁ ያ ነፋስ ፊታችሁን ሲመታው ምዕራፍ 27 ያለ አስተማሪ ይገባችኋል። ጉዞውን ያዘጋጀነው ለዚህ ነው።

ጉዞው የሚጀምረው ግን በየብስ ነው። ኢዝሚር ታርፋላችሁ። ከዚያ ሰልጁክ ገብተን እናድርና ኤፌሶንን ቀስ ብለን እናያለን። ትልቁን ቲያትር ታያላችሁ፤ ወደ 25 ሺህ ሰው ይይዝ ነበር። ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ሕዝቡን ሲያነሳሳ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያሉ የጮኹት እዚያ ነው። የአርጤምስ ቤተ መቅደስ ራሱ ከዓለም 7 ድንቆች አንዱ ነበር። አሁን አንድ ዓምድ ብቻ ቀርቶታል፤ እሱም ከስብርባሪ ተደራርቦ የቆመ ነው።

እኛ ብዙ ሰዓት የመደብነው ግን ለሌላ ቦታ ነው። ከቲያትሩ አለፍ ብሎ ቀጭንና ረጅም የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ብዙ አስጎብኚዎች ሰዓት የለንም ብለው ያልፉታል። ቤተ ክርስቲያኑ በእመቤታችን ስም የተጠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ431 የኤፌሶን ጉባኤ የተሰበሰበውም በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት 200ው ሊቃውንት የምንላቸው አባቶች፣ ቅዱስ ቄርሎስ፣ የንስጥሮስ መወገዝ፣ «ወላዲተ አምላክ» የሚለው ስም፣ ሁሉም እዚህ ነው። በየቅዳሴው የምንሰማው ነገር ቦታ አለው፤ ቦታውም በእግር የሚረገጥ ነው። ይህን ሳያሳዩ ኢትዮጵያዊን ከኤፌሶን መመለስ ነውር ነው ብለን እናምናለን።

ከሰልጁክ በላይ ባለው ተራራ ላይ «የድንግል ማርያም ቤት» የሚባል ትንሽ የድንጋይ ቤት አለ። ስለዚህ አስቀድመን ግልጽ እንሁን። ቤቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። የተገኘውም አንዲት ጀርመናዊት መነኩሲት አየችው የተባለውን ራእይ ተከትለው በሄዱ ካህናት ነው። በርካታ የሮም ፖፖች ጎብኝተውታል። በእኛ አባቶች ትውፊት ግን የእመቤታችን ዕረፍት በኢየሩሳሌም፣ መቃብሯም በጌቴሴማኒ ነው። ስለዚህ ቤቱን መጎብኘት በፈቃድ ነው። የማይፈልግ ሰው ያን ሰዓት በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያሳልፋል። እሱን ያሠራው ንጉሥ ዮስጢኒያኖስ ነው፤ በሐዋርያው መቃብር ላይ ነው የተሠራው ተብሎ ይታመናል።

አንዳንዶቻችሁ «በዮሐንስ ራእይ መጽሐፍ ላይ ያሉትን 7ቱን አብያተ ክርስቲያናት ለምን አትጨርሱም?» ብላችኋል። እነሱ ራሱን የቻለ የየብስ ጉዞ ይፈልጋሉ። አጣድፎ ማሳየት አንፈልግም።

ከሰልጁክ ወደ ፈትሂየ ግማሽ ቀን የሚፈጅ የአውቶቡስ መንገድ ነው። እዚያ ጀልባዋ ላይ እንወጣለን። ጉሌት ትባላለች፤ ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት ጀልባ ናት። 8 ክፍሎች አሏት፣ 16 ሰው ትይዛለች። እያንዳንዱ ክፍል መጸዳጃና መታጠቢያ አለው፤ ጠባብ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። መወጣጫው ሳንቃ ጋ ቅርጫት ይጠብቃችኋል። ጫማችሁን እዚያ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደምንገባው። ወለሉ እንጨት ስለሆነ ሕጉ ነው። ሸራ ያላት ጀልባ ናት ስንል ግን ቀኑን ሙሉ በሸራ ትሄዳለች ማለታችን አይደለም። አብዛኛውን መንገድ በሞተር ነው። ነፋሱ ሲመች ካፒቴኑ ሞተሩን ያጠፋና ሸራውን ይዘረጋል። ያን ጊዜ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ገሚለር ደሴት ናት። የጥንት መርከበኞች የቅዱስ ኒቆላዎስ ደሴት ይሏት ነበር። ዛሬ የሚኖርባት ሰው የለም። ከታች ከውሃው ዳር እስከ ጫፍ በአብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ ተሸፍናለች። ከላይኛው ቤተ ክርስቲያን የሚወርድ፣ ጣሪያው በድንጋይ የተሸፈነ ረጅም መተላለፊያ አላት። ምንጭ ስለሌላት ኗሪዎቹ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙባቸውን ጉድጓዶችም ታያላችሁ። ቁልቁለትና ዳገት አለ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ጀልባዋ ላይ ቢቀር ምንም አያመልጠውም አንልም፣ ያመልጠዋል። ግን ዕረፍትም ጥሩ ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው ክፍል ባሕሩ የሚበረታበት ነው። ሰባቱ አፍንጫዎች የሚባሉ ባሕር ውስጥ ዘልቀው የገቡ ተራሮች አሉ፤ ከነፋስ የሚከልል ነገር የላቸውም። ለዚህ ነው ካፒቴኖች ይህን መንገድ ሊነጋጋ ሲል፣ ነፋሱ ሳይነሳ የሚያልፉት። እናንተ ተኝታችሁ ሞተር ሲነሳ ከሰማችሁ አትደንግጡ። የባሕር ሕመም የሚያስቸግራችሁ ግን ኪኒናውን ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ውሰዱ። ካመማችሁ በኋላ መውሰድ ብዙም አይረዳም። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ካልካን ስንደርስ በሚኒባስ ወደ ጳጥራ እንሄዳለን። ጳውሎስ ከሩድ መጥቶ ወደ ፊንቄ የሚሻገር መርከብ ያገኘባት ከተማ ናት፤ የሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ተጽፏል። ቅዱስ ኒቆላዎስም የተወለደው እዚያ ነው ይባላል። ዛሬ ጀልባ አይገባባትም፤ ወደቧ በአሸዋና በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። በንጉሥ ኔሮን ዘመን የተሠራው የመርከብ መብራት ማማ መሬት መሐል ቆሞ ማየት ያስገርማል። ኤፌሶንም እንዲሁ ናት። ወንዙ ደለል እያመጣ ባሕሩን ገፋው፣ መርከብ ቀረ፣ ከዚያ ሰው ቀረ።

ቀጥሎ ካሽ ከተማን አልፈን ኬኮቫ እንገባለን። በመንገድ ላይ የግሪኳ ሜይስ ደሴት በቅርብ ትታያለች። ብዙ ጀልባዎች ይሻገራሉ፤ እኛ አንሻገርም። ምክንያቱም ሜይስ ለመግባት የአውሮፓ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ከመካከላችሁ ቪዛ የሌለው ሰው ጀልባ ላይ ብቻውን እንዲቀር አንፈልግም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የቱርክ ቪዛ የያዘውም ከወጣ መመለሻ ያጣል።

ኬኮቫ ላይ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። በመሬት መንቀጥቀጥ የሰመጠች ከተማ ናት። ከዓለት የተፈለፈለ ደረጃ ከቤቱ ደጃፍ ተነስቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከሥር ደግሞ ግድግዳው እስከ ታች ይታያል። በፍርስራሹ ላይ መዋኘትና መጥለቅ በሕግ የተከለከለ ነው። እባካችሁ ልጆቹን አስጠንቅቁ።

ጀልባዋን የምንለቀው አንድሪያኬ ላይ ነው። ሙራ ዛሬ ደምሬ ትባላለች። የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ከተማው መሐል ነው። ወንዙ ያመጣው ደለል ስለቀበረው ለመግባት ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ወለሉ ላይ ባለ ቀለም ድንጋይ እየተገጣጠመ የተሠራ ጌጥ አለ፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሎች ቀርተዋል። የሙራ ጳጳስ የነበረው የቅዱሱ ነው የሚባል የተሰበረ የእብነ በረድ ሣጥንም አለ። ዐፅሙ እዚያ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1087 የኢጣልያ ነጋዴዎች ወደ ባሪ ወስደውታል። ልጆቻችሁ የገና አባት ብለው የሚያውቁት የዚህን ቅዱስ ታሪክ መነሻ አድርጎ ነው። ለጥሎሽ ያጡ 3 ልጃገረዶችን በሌሊት በስውር እንደረዳ የሚነገረውን ታሪክ እዚያው ብትነግሯቸው ደስ ይለናል።

አሁን ስለ ወቅቱ። ጉዞውን ከነሐሴ አንስተን ከመስቀል በኋላ አድርገነዋል። ነሐሴ ላይ ኤፌሶን እሳት ናት፣ ጥላ የለም፣ ሕዝቡም አያስቆምም። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ከጾምና ከቅዳሴ መለየት አትፈልጉም። መስቀልን ቤታችሁ አክብራችሁ ትነሳላችሁ። ውሃው ገና ሙቅ ነው። ልብ ያላችሁ ሰዎች «ጳውሎስ በመርከብ መሄድ አደገኛ ነው ብሎ ያስጠነቀቀው በዚሁ ሰሞን አይደለም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ልክ ነው፣ የእሱ ማስጠንቀቂያ በመጸው ነበር። እነሱን ግን ማዕበሉ ወደ ክፍት ባሕር ወሰዳቸው። እኛ ዳር ዳሩን ሄደን ማታ ማታ በተራራ በተከለለ ውሃ መልሕቅ ጥለን ነው የምናድረው። የወደቡ ባለሥልጣናት አትውጡ ካሉ አንወጣም፤ በአውቶቡስ እንሄዳለን። ጀልባዋ የተከራየችው ለሙሉው ጊዜ ስለሆነ ግን ያን ቀን ገንዘብ መመለስ አንችልም። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ተማሪ ልጆች ያሏችሁ ቅር እንደሚላችሁ እናውቃለን። ለእናንተ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ከሐምሌ 5 ወዲህ ሌላ ጉዞ አስበናል። ሙቀቱን ግን መቻል ነው።

ምግብን በተመለከተ አትስጉ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ቱርክ ውስጥ አይራብም። ምስር፣ ባቄላ፣ በወይራ ዘይት የተሠራ አትክልት፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሞልቷል። ችግሩ እርጎ በየምግቡ ጣል ማድረጋቸው ነው፤ ለዚህም ለጀልባዋ ምግብ ሠሪ አስቀድመን እንነግራለን። ዓሣ የማትበሉበትን ቀንም ጻፉልን፤ በዚህ ነገር ሁላችሁም አንድ ልማድ እንደሌላችሁ እናውቃለን።

ጉዞውን የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አላዘጋጀውም፤ የኢየሩሳሌምን ጉዞ ይተካል አላልንም። ኦርቶዶክሶችም፣ ፕሮቴስታንቶችም፣ ካቶሊኮችም አብረው ይሄዳሉ። ማለዳ ጀልባዋ ላይ መጸለይና ማንበብ ለፈለገ ቦታው ክፍት ነው። ሙዚየም በሆኑት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ግን በቡድን መዘመርና መጸለይ ያለ ፈቃድ አይቻልም። በልብ መጸለይን የሚከለክል የለም።

መዋኘት ግዴታ አይደለም። የማይችል ሰው ላይፍ ጃኬት አድርጎ መሰላሉን ይዞ እግሩን ቢነክር ይበቃዋል። ነጠላ ይዛችሁ ኑ፣ ማታ ማታ ይበርዳል፤ ቀን ግን ነፋሱ እንዳይወስደው እሰሩት።

ዋጋው የሚከፈለው ለጀልባዋ እንጂ በሰው ራስ አይደለም። ስለዚህ 16ታችሁም ስትሞሉ ይቀንሳል፤ ብቻውን ክፍል የሚይዝ ሰው ጭማሪ ይከፍላል። መኝታ፣ ጀልባ፣ በጀልባዋ ላይ ያለው ምግብ፣ አውቶቡስና የመግቢያ ትኬት ገብቷል። አውሮፕላን፣ ቪዛ፣ ኢንሹራንስና መጠጥ አልገባም።

ለመመዝገብ የወሰናችሁ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሦስት ነገር ላኩልን፦ የምትጓዙበትን ፓስፖርት ዓይነት፣ የጾም ልማዳችሁን፣ ደረጃና ዳገት ላይ የሚያስቸግራችሁ የጤና ነገር ካለ እሱን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ቀደም ብላችሁ ጻፉልን፣ የቪዛው ወረቀት ጊዜ ይወስዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞው አዘጋጆች