ለሰብሊዬ፣ ስለ ባዘቶ

ውድ ሰብሊዬ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክሽን ሳላነሳ ከርሜ ዛሬ ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል። እማዬ ካረፈች በኋላ ከሰው ጋር ማውራት አቃተኝ። አንቺ ግን በየበዓሉ መልእክት መላክ አላቆምሽም። ሁሉንም አንብቤያለሁ። ይቅር በይኝ።

ልጅሽ የራግዶል ድመት ግልገል ልታመጣ መሆኑን ስትጽፊልኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ቤት አንድ አለ። ልጄ ናት ያመጣችው። መጀመሪያ ስዳብሰው እማዬ ለፈትል የምታዘጋጀው ጥጥ እጄ የገባ መሰለኝና ባዘቶ አልኩት። አሁን አምስት ዓመቱ ነው፤ ሰባት ኪሎ ይመዝናል። ዓይኑ ሰማያዊ ነው። ከክፍል ክፍል ይከተለኛል፤ ለቅሶ ላይ በነበርኩባቸው ወራት እግሬ ሥር ተኝቶ ነው የከረመው።

ራግዶል የጨርቅ አሻንጉሊት ማለት ነው። ሲያቅፉት ሰውነቱን ለቀቅ አድርጎ ክንድ ላይ ይዘረጋል፤ ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ዘሩን በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሪቨርሳይድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረችው አን ቤከር ናት፤ ጆሴፊን ከምትባል ባለ ረጅም ፀጉር ነጭ ድመት ልጆች። ሴትዮዋ ድመቶቿ ሕመም እንደማይሰማቸው ትናገር ነበር። ሐሰት ነው። እንደማንኛውም ድመት ያማቸዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት በባዘቶ ነው።

አምና አንድ ማታ የሚሸናበት አሸዋ ላይ ቁጢጥ አለ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። አራት አምስት ጊዜ። አሸዋውን ባየው ደረቅ ነው። ድምፅ አላሰማም። ሳነሳው እንደ ልማዱ ክንዴ ላይ ተዘረጋ፤ ደህና ነው ብዬ ልተኛ ነበር። ልጄ እምቢ ብላ በሌሊት እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሽንቱ ተዘግቶ ነበር። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ቶሎ ካልተከፈተ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል። በቀጭን ቱቦ ከፈቱለት፤ ሦስት ቀን እዚያው ተኛ። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ምግብ ነው የምሰጠው፤ ውሃም በየክፍሉ አስቀምጣለሁ። አሸዋውን በቀን ሁለቴ አያለሁ። የናንተም ወንድ ከሆነ ይህን አደራ።

ፀጉሩ እንደ ፐርሺያን ድመት ቶሎ አይቋጠርም፤ ከሥር ያለው ለስላሳ ፀጉር ትንሽ ስለሆነ። ቢሆንም በሳምንት ሁለት ሦስቴ በብረት ሚዶ አበጥሩት። ብብቱንና ከጆሮው ጀርባ አትርሱ። ከተቋጠረ በመቀስ እንዳትቆርጡ፤ ቆዳው ስስ ነው፣ ከፀጉሩ ጋር ይነሳና ይቆረጣል። በጣት ቀስ እያላችሁ ፍቱት።

ሳትወስዱት በፊት የእናቱንና የአባቱን የልብ ምርመራ ጠይቁ። በዚህ ዘር የልብ ጡንቻ የሚያወፍር የዘር በሽታ አለ፤ በሽታውን የሚያመጣው ዘረ መል በደም ወይም በምራቅ ይመረመራል። 12 ሳምንት ሳይሞላውም ከእናቱ አትለዩት። ወደ ውጭ አትልቀቁት፤ ሰው ያምናል፣ ውሻም አይፈራም። እንግዳ ሊሊ አበባ ይዞ ከመጣ ቤት አታስገቡ፤ የአበባው ብናኝ ብቻ ኩላሊቱን ሊያጠፋ ይችላል። ወጥም አታቅምሱት፤ ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳል። እናትሽ ዶሮ ወጥ ሲሠሩ እንዳያሳዝናቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አሁን ባዘቶ የደብዳቤው ጫፍ ላይ መዳፉን አስቀምጧል። ቁጥርሽ ያው ከሆነ እሁድ ማታ እደውልልሻለሁ። ስለ እማዬም ልንገርሽ። ያን ጊዜ ማውራት ያልቻልኩት ብዙ ነገር አለ።

ያንቺው
አልማዝ