ደንገጎ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከድሬዳዋ ሐረር ሚኒባስ እነዳለሁ። የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ሞተራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያለ «ሐረር ደርሼ አሳየዋለሁ» የሚሉ ሾፌሮች በዝተዋል። የምለው ስለ ቤንዚን መኪና ነው።

መብራቱ ዝም ብሎ ከበራና መኪናው ደህና ከሄደ፣ ቀስ ብሎ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም እያለ ከተንቀጠቀጠ ግን አንዱ ሲሊንደር በደንብ እያቃጠለ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጣጣው ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ያልፍና የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከልክ በላይ ያግለዋል። ዋጋውን የጠየቀ ያውቀዋል! እግርን ከቤንዚን ላይ አንስቶ፣ ከኩርባው ራቅ ብሎ ዳር ይዞ፣ ሞተር አጥፍቶ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ነው። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራማ ወዲያው መቆም ነው፤ ወሬ የለውም።

አንዳንድ ጋራዦች ደግሞ ኮምፒውተር ሰክተው መብራቱን ብቻ ያጠፉና ብር ይቀበላሉ። ካንዴላ ሳይፈታ ምን ዓይነት ጥገና ነው? ኮምፒውተሩ ያነበበውን የብልሽት ኮድ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢሰጡን ምን ይጎድልባቸዋል? እስቲ ጋዜጣችሁ ይጠይቅልን።

አንድ ሾፌር፣ ከሳቢያን