የአቪዬሽን ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፕሮፔለሩ ለምን ከኋላ ሆነ?

“ወረቀት ሲቆርጡ ይውላሉ” የሚለው ቀልድ ክበባችን ድረስ ስለደረሰ፣ ዘንድሮ ምን እንደቆረጥን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤው አለ። የሠራነው ጄፍሪ ዴ ሃቪላንድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የነደፈውን ባለ ድርብ ክንፍ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን፣ የኤርኮ ዲ.ኤች.2ን ሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ፎከር የተባሉት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች መትረየሱን ከፕሮፔለሩ ጋር አናበው በመሐሉ ሲተኩሱ፣ እንግሊዞች ያ ስልት ገና አልነበራቸውም። ዴ ሃቪላንድ ሞተሩንም ፕሮፔለሩንም ከአብራሪው ኋላ አድርጎ አፍንጫውን ለሉዊስ መትረየስ ለቀቀው። ካዝናው 47 ጥይት ብቻ ነው፤ ምላጩ ሳይለቀቅ ከተተኮሰ 5 ሰከንድ ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1916 መጀመሪያ 24ኛው ስኳድሮን የተባለው የእንግሊዝ የአየር ጓድ ይዞት ፈረንሳይ ገባ፤ ፎከሮቹም የበላይነታቸውን አጡ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን አልባትሮስ የተባለው አዲስ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን መጣና በለጠው። የስኳድሮኑ አዛዥ ላኖ ሃውከር በኖቬምበር በጀርመናዊው አብራሪ በሪችቶፈን ተመትቶ ወደቀ።

ክንፉ 8.6 ሜትር ነው፤ የኛው 86 ሳንቲሜትር። አጥንቱ ቀርከሃ፣ ልባሱ ስስ ወረቀት፣ ማሰሪያ ሽቦው የስፌት ክር። የመጀመሪያውን ክንፍ ውሃ የበዛበት ኮላ አጨማዶ አበላሸብን። አፍንጫው አጭር ስለሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል፤ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ሩብ ላይ በሁለት ጣት ሲያዝ ደልደል እስኪል 40 ግራም ጭቃ ጠቀጠቅንበት።

ከኳስ ሜዳው ዳገት ሦስቴ ወረወርነው፤ ሦስቴም ወደ ግራ እየተሽከረከረ ወደቀ። ዋናውም ይህ አመል ነበረበት፤ ሃውከር ራሱ ወጥቶ ሆን ብሎ እያሽከረከረ መውጫውን ለአብራሪዎቹ አሳይቷል። ልጆቹ በነፋሱ ሲያሳብቡ፣ ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ አንድ ቃል ያልተነፈሰች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሣሩ ላይ በደረቷ ተኝታ ክንፉን ከኋላ አየችው። “የታችኛው ግራ፣ የኋላ ጠርዙ ወደ ላይ ተጣሟል” አለች። ለካው፤ 3 ሚሊሜትር። በዚያ በኩል ክሩን አጥብቀን ስበነው ኖሯል። ክሩን በጠሰች፣ ክንፉን ከሻይ ቤቱ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ይዛ በተቃራኒው ጠመዘዘችና እስኪቀዘቅዝ አለቀቀችውም። አራተኛው ውርወራ ቀጥ ብሎ መሐል ክቡ ላይ አረፈ። እኔ አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም።

የተመደበልን ገንዘብ ለኮላና ለክር በቃ። ወረቀቱን የገዙት ወላጆች ናቸው፤ እናመሰግናለን። ለከርሞ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ እንፈልጋለን። የስፖርት ክበቡ ሁለተኛ ማሊያ ሲገዛለት አልተቃወምንም።

ዲ.ኤች.2 ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ላይ ነው። ኑና እዩት፤ ብቻ በክንፉ ይዛችሁ አታንሡት።