ብርሃን ያላገኘ ሽፋን ባክቴሪያ አይገድልም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተለበጠ «ባክቴሪያ ገዳይ» ጠረጴዛ የሚገዙ ሥጋ ቤቶች ይህን ይወቁልን። ሽፋኑ ብቻውን ምንም አይሠራም። አናታዝ የተባለው ዓይነት የሚነቃው የሞገድ ርዝመቱ ከ388 ናኖሜትር በታች በሆነ አልትራቫዮሌት (ለዓይን በማይታይ ጨረር) ነው፤ ተራው የኤልኢዲ አምፖል ይህን ብርሃን አይሰጥም ማለት ይቻላል። ሲነቃ ከእርጥበትና ከኦክስጅን ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ የሕዋስ ሽፋን የሚበሱ ራዲካሎች (ያገኙትን ወዲያው የሚያጠቁ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች) ይፈጥራል። እነሱ ግን ከገጹ አይርቁም። ጣት ሲያስኬዱበት የሚያሙለጨልጭ ስስ ሞራ ካለ ጉልበታቸው እዚያው ስቡ ላይ ያልቃል፤ ቢላ በቦረቦረው ስንጥቅ ውስጥም ብርሃን አይገባም።

ስለዚህ አስቀድሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና መፈግፈግ፣ ማለቅለቅ፤ ከዚያ ሠራተኛ ሲወጣ (ዓይን ይጎዳልና) የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት ለሰዓታት ማብራት ነው። ለሚቸኩል፣ ከታጠበ በኋላ በ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ይሻላል።