ሻንጣሽን ለሦስት አየር አዘጋጂው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል የኔ እናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደር ክረምቱ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰው አያስወጣም። አባትሽ ጣሪያው አፈሰሰ አላፈሰሰ እያለ ማታ ማታ ባትሪ ይዞ ቤቱን ይዞራል።

በቴሌግራም የላክሽውን የዕቃ ዝርዝር አየሁት። ሁለት ጂንስ፣ ሦስት ሹራብ፣ ጃኬት፣ ጋቢ፣ ጃንጥላ፣ የዋና ልብስ። የዋና ልብሱን ተይውና ሌላው ለአዲስ አበባ ሐምሌ ምንም አይወጣለትም። እናንተ ግን ደባርቅ ልትወጡ፣ ጎርጎራ ልትወርዱ፣ ከዚያ ደግሞ መተማ አክስትሽ ዘንድ ልትሄዱ ነው ያሰባችሁት። በድምፅ ልልክልሽ ነበር። አንቺን ግን አውቅሻለሁ፤ ፍጥነቱን ጨምረሽ ነው የምትሰሚኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ክረምት ሁሉ አንድ አየር እንዳይመስልሽ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ ከ2,800 ያልፋል፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጨነቅ ስትደርሱ ከ3,600 በላይ ናችሁ። መተማ ዮሐንስ ደግሞ 700 ገደማ ነው። ደጋውን፣ ወይና ደጋውን፣ ቆላውን በአንድ ጉዞ ልታዳርሱት ነው። ወሩን እርሺውና ቦታ ቦታውን እያሰብሽ እሸጊ።

ከስሜን ልጀምር። በሐምሌ እዚያ ጉሙ አይለቅም፣ ዝናቡም በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። ጋቢሽን ያዢው፣ ግን ለማደሪያ ነው። ጋቢ አንዴ ከራሰ ክብደቱ ብቻውን ሰው ይጥላል፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ጂንስም እንደዚያው ነው። ለመንገዱ ውሃ የማያስገባ የዝናብ ልብስና ቀለል ያለ ሱሪ ይሻልሻል። ጃንጥላውን እዚያው ተይው። የተራራው ነፋስ ገልብጦ ዘንግ ብቻ ያስቀርልሻል። ካልሲ አብዢ። ልብሱን ሁሉ በፌስታል በፌስታል ጠቅልለሽ ክተቺ፤ የሻንጣው ነጋዴ ውሃ አያስገባም ቢልሽም አትመኚው። ፀሐይም አለች ደግሞ። ደመና ነው ብለሽ አትዘናጊ፤ ከፍታው ላይ ጨረሩ ይበረታል፣ ከንፈርና አፍንጫ ይልጣል። ሰንስክሪን ከሌለሽ ባርኔጣና ነጠላ አይለይሽ።

አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከቆላ ከመጣ ሰው ትሻላላችሁ። ቢሆንም 3,600 ሌላ ነገር ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ከመጣ ከፍታው ነው። ያኔ ወደ ላይ መቀጠል ይቅር፤ እዚያው አርፋችሁ ዋሉ፣ ካልተሻላችሁ ውረዱ። አንዳችሁን ተቀምጣ እያለች ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ከመጣ፣ ይነጋል ብሎ መጠበቅ የለም። በሌሊትም ቢሆን ማውረድ ነው። አስጎብኚው «ይለመዳል» ቢላችሁም እንዳትሰሙት።

መኪና እንደሚያስመልስሽ ለእኔ አትነግሪኝም። ዲሜንሃይድሪኔት የሚባለውን ክኒን ከመነሳትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት ዋጪው። መኪናው ከተነሳ በኋላ ከሆነ ከቁርስሽ ጋር አብሮ ይወጣል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ስልክና ቦርሳሽን ላልተኛችው ጓደኛሽ ስጪያት። ከፊት ወንበር ያዢ፣ ስልክ አትነካኪ። ሎሚ ማሽተቱም ደስ ካለሽ ይሁን፣ አልከለክልሽም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፤ የመድኃኒቱ ቦርሳ። በቅርቡ አንድ ጎልማሳ ከቆላ መጥቶ መድኃኒት ቤታችን ገባ። ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣና መስኮቱ ላይ ፈታው። ሦስት ነጭ ክኒኖች ናቸው። ላብ አርጥቧቸው ጠርዛቸው ተፈርፍሯል፣ አንደኛው ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል። «አንዱ የወባ ነው፣ አንዱ የራስ ምታት፣ አንዱ የጨጓራ፤ የራስ ምታቱን ጨምሪልኝ» አለኝ። የቱ የቱ ነው ስለው ጣቱን አነሳና መለሰው። እኔም ለይቼ ልነግረው አልቻልኩም። እንዲህ ያለው በየሳምንቱ ይመጣል።

ስለዚህ ክኒን ከማሸጊያው አውጥተሽ አትያዢ። ዕቃ ለማሳነስ ብለሽ ማሸጊያውን ስትቆርጪም ስሙና የአገልግሎት ጊዜው የታተመበትን ጫፍ አስቀሪው። ፓራሲታሞል አንድ ማሸጊያ ይበቃሻል። ባለ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ሁለት አድርገሽ በየስድስት ሰዓቱ ነው፤ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፍ። አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ አይሆንም። መተማ የምትደርሱት ፍልሰታ ከገባ በኋላ ስለሆነ እሱን ጨርሶ ተይው። ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ትንሽ ቤታዲን ጨምሪ። ሶፍትና ሞዴስ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ያዢ። መንገድ ላይ እናገኛለን ማለት አያዋጣም፤ ባትፈልጊው እንኳ አንዷ ትፈልገዋለች።

አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ ፍላጅል የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች «ለማንኛውም» ብለሽ እንዳትይዢ። ለማንኛውም የሚባል መድኃኒት የለም። የመድኃኒት ቤት ልጅ ሆነሽ ይህን ካደረግሽ ሰውም ይታዘበናል።

ከሁሉም በላይ የማይቀርልሽ ኦአርኤስ ነው፣ ያ ለተቅማጥ የሚሆነው፣ ሕይወት አድን የሚሉት ዱቄት። ለእያንዳንዳችሁ ሦስት አራት ከረጢት ያዙ። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። በግማሽ ሊትር ኃይላንድ መበጥበጥ ጉዳት አለው፤ ጨው ይበዛበታል። የተበጠበጠው ካደረ፣ 24 ሰዓት ከሞላው፣ ድፊውና አዲስ በጥብጪ። ዱቄቱ ካለቀ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። ጨውን በግምት አታድርጊው። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ትኩሳት ከመጣ ማቆሚያ ክኒን ሳትወስጂ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በጾሙ ደግሞ ኦአርኤስ ቅዳሴ እስኪወጣ አይጠበቅም። ለንስሐ አባትሽ እኔው እነግራቸዋለሁ።

ውሃው የታሸገ ካልሆነ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ያዙ። መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቢ፤ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ሳይሞላው እንዳትጠጡት። በደፈረሰ ውሃ ላይ ኃይሉ ስለሚቀንስ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት።

የዋናው ልብስ ነገር። ጎርጎራ ሂዱ፣ ደብረ ሲና ማርያምን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ጣና ውስጥ ግን እግራችሁንም አታስገቡ። ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በዳርቻው ውሃ ውስጥ ይቆይና ሳይታወቅሽ በቆዳ ይገባል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከቆየ በኋላ ነው። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ። እነሱም አይያዙም ማለት አይደለም። ሐይቁን ከጀልባ ላይ እዩት፣ ያምራል። ገብታችሁ ከተገኛችሁ ግን ደብቃችሁ አትቀመጡ፤ ከሳምንታት በኋላ ምርመራ አለው፣ መድኃኒቱም ቀላል ነው።

መተማ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ልቤ የሚፈራው እዚያ ነው። ከአዘዞ በጭልጋ፣ በገንዳ ውሃ አድርጋችሁ ስትወርዱ ሹራብ በሹራብ ላይ እያወለቃችሁ ነው። በክረምት እንደ ሚያዝያው አያቃጥልም፤ ወበቁ ግን ሌላ ነው። ሰፊ የጥጥ ቀሚስ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ፣ ነጠላ፣ ክፍት ጫማ ለቤት ውስጥ። ጥቁሩ አፈር ጭቃ ስለሆነ ለውጪ ቦት ጫማ ይሻላል።

ልብሱ እጁን ይርዘም ያልኩሽ ለጨዋነት እንዳይመስልሽ። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የቢንቢ መከላከያ ቅባት በተጋለጠው ቆዳ ላይ ተቀቢ፤ ሰንስክሪንም ካለ መጀመሪያ እሱ፣ ቅባቱ ከላይ ነው። አክስትሽ በሙቀቱ ምክንያት አልጋ ውጭ አውጥታ ነው የምታስተኛችሁ። ያለ አጎበር ግን እንዳይሆን። አጎበሩን ከእኔ ነው ይዛችሁ የምትሄዱት፤ በመድኃኒት የተነከረውን አዘጋጅቻለሁ። ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ወትፉት። እዚያ አገር ካላዛር የሚባል በሽታም አለ። እሱን የምታመጣው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፣ ያልተነከረውን አጎበር በቀዳዳው ታልፈዋለች። ስለዚህ ዛፍ ሥር፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ ጋደም ማለት የለም።

ወባን የቆላ ነገር አድርጋችሁ አትናቋት። ወደ ጎርጎራ ስትሄዱ የምታቋርጡት የደንቢያ ሜዳ በ1953 እ.ኤ.አ. ወባ ሺዎችን የጨረሰችበት ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው በዚያ ማግሥት ነው። እኔ የተማርኩበት ቤት ታሪኩ ከወባ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው መሰለኝ እንዲህ የምጨቃጨቀው።

እናንተ አዲስ አበባ ያደጋችሁ ስለሆናችሁ ሰውነታችሁ ወባን አያውቃትም። መከላከያ ክኒን ይወሰዳል ወይ ያልሽኝን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ዶክሲሳይክሊን ካዘዘላችሁ ከቆላ ከወጣችሁም በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል፤ አዲስ አበባ ገባሁ ብለሽ አታቋርጪው።

አክስትሽን ታውቂያታለሽ። ትንሽ ትኩሳት ካየች ከመሳቢያዋ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም አውጥታ «ዋጡ፣ ምንም አይላችሁም» ትላለች። በእግዚአብሔር ስም እምቢ በሏት። መጀመሪያ የጣት ደም ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒት። ወባ ከሆነች ኮአርተሙ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፤ ተሻለኝ ተብሎ በሁለተኛው ቀን አይተውም፣ ሦስቱም ቀን ይጨረሳል።

ይህን ደግሞ ለጓደኞችሽ አንብቢላቸው። ወባ ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ ነው የምትታየው፤ አንዳንዴ ወራትም ትቆያለች። አዲስ አበባ ተመልሳችሁ ብርድ ብርድ ካላችሁ «ጉንፋን ነው»፣ «ታይፎይድ ነው» የሚል አይጠፋም። ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ሰው መጀመሪያ የምትነግሩት መተማ ደርሳችሁ መምጣታችሁን ነው። ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል?

አስም ላለባት ጓደኛሽ ልዩ መልእክት አለኝ። የምትነፋውን ቬንቶሊን በእጅ ቦርሳዋ ትያዘው። ሻንጣው ከመኪናው ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው፤ ሲያስፈልጋት ማን ወጥቶ ያወርድላታል? የመኪናው ዳሽቦርድ ላይም አታስቀምጠው፣ በሙቀት ይበላሻል። ብርዱና የቤቱ ጭስ ሊቀሰቅስባት ስለሚችል ሁለት ብትይዝ ጥሩ ነው። ስንት ጊዜ እንደምትነፋ ጻፊና ላኪልኝ።

ፓወር ባንክ አትርሺ፣ መብራት እንደምታውቂው ነው። መታወቂያም እንደዚያው። በሶ አስፈጭቻለሁ፣ ዳቦ ቆሎውንም ለፍልሰታ እንዲሆን ያለ ቅቤ አዘዝኩ፤ ከዚያ ምግብ ተሸክማችሁ አትምጡ። ጋቢም ሁለት ትርፍ እዚህ አለ። የመተማውን መንገድ አባትሽ ከሾፌሮቹ እየጠየቀ ነው። መንገዱ ካላማረ መተማው ይቀራል፤ አክስትሽ ራሷ ትመጣለች። ይህን አሁን ተስማምተን እንለፍ፣ እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ ጭቅጭቅ አልፈልግም።

ትኬት ስትቆርጪ ደውይልኝ። ታናሽ ወንድምሽ ለእሱ የምታመጪውን እንዳትረሺ ብሏል፤ ምን እንደሆነ ለእኔ አልነገረኝም።

እናትሽ
ከጎንደር