ጉዳዩ፦ በሆሎ-ትራንስፈሪን (በብረት የተሞላ፣ ብረት ተሸካሚ የደም ፕሮቲን) ስም የተላከልን ብረት አልባ ፕሮቲን እንዲተካልን ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስመጪ ድርጅቱ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

የትእዛዙን ቁጥርም ሆነ ቀደም ሲል የላክንላችሁን የምርመራ ውጤት ስለምታውቁት አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ትናንት በስልክ የተሰጠን መልስ ነው።

«ምትኩ ከጥምቀት በፊት እጃችሁ ይገባል» ብላችሁ በኢሜይል የጻፋችሁልን እናንተው ናችሁ። ጥምቀት አለፈ፤ የመጣ ነገር የለም። ትናንት ስንደውል የሽያጭ ሠራተኛችሁ ስለ ምትኩ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ነገሩን። ቀጥለውም «ፕሮቲኑ ያው ፕሮቲን ነው። የጎደለው ብረት ብቻ ከሆነ እናንተው ጨምሩበት፤ ላቦራቶሪ አይደላችሁ እንዴ?» አሉን። ልናስረዳቸው ስንጀምር «እኛ ሻጮች ነን፣ ኬሚስት አይደለንም» ብለው ስልኩን ዘጉብን። ገንዘቡን አስቀድሞ ለከፈለ ደንበኛ የሚሰጥ መልስ ይህ ነው?

ያዘዝነውና የከፈልንበት በብረት የተሞላ ሪኮምቢናንት (በጂን ምህንድስና የተመረተ) የሰው ትራንስፈሪን ነው። 80 ኪሎዳልተን የሚጠጋው ይህ ፕሮቲን ሁለት የፌሪክ (ባለ ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ) ብረት አተሞች ይይዛል፤ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ በአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን 1.4 ማይክሮግራም ያህል ብረት ይኖረዋል። የተሞላው ከነቀለሙ ይታወቃል፣ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ሮዝ ነው። ከእናንተ የመጣው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ዱቄት ግን የዱቄት ወተት የመሰለ ነጭ ነበር። በሄፔስ ባፈር (ፒኤች በሚያስጠብቅ ፈሳሽ)፣ በፒኤች 7.4፣ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም አድርገን ስናሟሟው፣ በ465 ናኖሜትር የብርሃን መምጠጥ ንባቡ 0.6 ገደማ መሆን ሲገባው 0.11 ብቻ ሆነ። የ465 ንባብ ፕሮቲኑ ለሚለካበት ለ280 ናኖሜትር ንባብ ሲካፈል 0.045 አካባቢ መምጣት ነበረበት፤ የእናንተው 0.01 እንኳ አልሞላም። ብረት ያለውን ከሌለው በሚለየው በ6 ሞላር ዩሪያ ጄል ላይም አብዛኛው ፕሮቲን ብረት አልባው በሚቀርበት በላይኛው ባንድ ቆመ። ሰርተፍኬታችሁ ግን «ከ95 በመቶ በላይ የተሞላ» ይላል።

«ብረቱን ጨምሩበት» ለተባለው፦ ፌሪክ ክሎራይድ ገለልተኛ በሆነ ባፈር ላይ እንዲሁ ቢጨመር ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል እንጂ ወደ ፕሮቲኑ አይገባም። መጀመሪያ ኤንቲኤ ከተባለው ብረት አሳሪ ኬሚካል ጋር መታሰር አለበት። ባፈሩ ውስጥ ባይካርቦኔት መኖር አለበት፤ ካርቦኔት በሌለበት ትራንስፈሪን ብረትን አጥብቆ አይዝም። ከዚያ ትርፉን ብረትና ኤንቲኤውን በጄል ፊልትሬሽን ማስወገድ፣ እንደገና በ465 መለካት፣ በፊልተር ማጣራት፣ ኢንዶቶክሲኑን (የባክቴሪያ መርዝ) እንደ አዲስ መመርመር ይከተላል። በየደረጃው ደግሞ ፕሮቲን ይባክናል። ብረቱ ከፕሮቲኑ የተነሳው ብረት አሳሪ በሆኑት በኢዲቲኤ ወይም በሲትሬት ከሆነና ትራፊው ዱቄቱ ውስጥ ካለ፣ የምንጨምረውን ብረት እርሱ ይሻማብናል፤ ይኑር አይኑር ሰርተፍኬታችሁ አይናገርም። ከሁሉ የከፋው ትንሽ ነጻ ብረት ከቀረ ነው። ነጻው ብረት ትራንስፈሪንን በሚቀበለው የሴሉ ፕሮቲን (በትራንስፈሪን ተቀባይ) በኩል ሳይሆን ዚአይፒ14 እና ዲኤምቲ1 በተባሉ ሌሎች ብረት አስገቢ ፕሮቲኖች በኩል ወደ ሴሉ ይገባል፤ ያኔ የምንለካው ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን ሁሉ ሥራ የተዘጋጀ ሆሎ ስንገዛ ለአምራቹ ከፍለንበታል።

ነገሩ ከተነሳ አይቀር ሌላውንም ልጥቀስ። በሰርተፍኬቱ ላይ ያለው የሎት (የምርት ዙር) ቁጥር ብልቃጡ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ የኢንዶቶክሲን ውጤት የሚሞላበት ቦታም ባዶ ነው። ከዚህ በፊት በፈሳሽ መልክ ያዘዝነው ሲመጣ የበረዶ ከረጢቶቹ ቀልጠው ሞቀው ነበር፣ የሙቀት መመዝገቢያም አልነበረውም። ሌላ ጊዜም የከብት ትራንስፈሪን «ያው ነው» ተብሎ ቀርቦልናል። ያው አይደለም፤ የከብቱ ከሰው ትራንስፈሪን ተቀባይ ጋር የሚጣበቀው በጣም ደካማ ሆኖ ነው። እነዚህን ሁሉ በትዕግሥት አልፈናል።

አሁን የምንጠይቀው ከሌላ ሎት ምትክ እንዲላክልን ነው። ከመላኩ በፊት የ465/280 ውጤቱን፣ የብረት መጠኑንና የኢንዶቶክሲን ምርመራውን የያዘ፣ ቁጥሩ ከብልቃጡ ጋር የሚገጥም ሰርተፍኬት በኢሜይል ይድረሰን። የጉምሩክም ሆነ የማጓጓዣ ወጪ እኛን አይመለከትም። ስለ ትናንቱ ንግግርም በጽሑፍ ይቅርታ እንጠብቃለን። ይህ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተፈጸመ የከፈልነው ገንዘብ ከነባንክ ወጪው ይመለስልን። እርሱም ካልሆነ የጄሉን ፎቶና የስፔክትሮፎቶሜትሩን ንባብ አያይዘን በቀጥታ ለአምራቹ የጥራት ክፍል እንጽፋለን፤ ድርጅታችሁ በተቋማችን ጨረታዎች እንዳይሳተፍም ለግዥ ኮሚቴው እናቀርባለን።

የቀረው ዱቄት በማቀዝቀዣ ውስጥ እንደታሸገ አለ። ባለሙያ ልካችሁ ናሙና መውሰድ ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሴል ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለግዥ ክፍል
ለፋይናንስ ክፍል